ጨረቃ የተደበቀበት ወረቀት

ለረመዷን ከልጆች ጋር ወረቀት ቆርጣችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡትን ነገሮች በስማቸው ጥሯቸው። ወረቀት፣ መቀስ፣ ሙጫ፣ ክር። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ፋኖስ። ከአምስቱ ሦስቱ ከዓረብኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ወረቀት «ወረቃ» ነው፤ ቅጠል ማለት ነው፣ የዛፍም የመጽሐፍም። መቀስ «ሚቀስ» ነው፤ መቁረጫ። ፋኖስ «ፋኑስ» ነው፤ ዓረቦቹም በተራቸው ከግሪክ የወሰዱት። እነዚህን ቃላት ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል ሁላችንም እንጠቀምባቸዋለን። መብራት ሲጠፋ ፋኖስ የሚለኩስ ሰው ዓረብኛ እያወራሁ ነው ብሎ አያስብም፤ ማሰብም የለበትም። ቃሉ አማርኛ ከሆነ ቆይቷል።

ይህን የማነሳው በየዓመቱ አንድ ክርክር ስለሚገጥመኝ ነው። ረመዷን ሊገባ ሲል የእህቶቼንና የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ ፋኖስ፣ ጨረቃ፣ የቀለበት ሰንሰለት እንሠራለን፤ ሳሎን ውስጥ እንሰቅላለን። ከትልልቆቹ አንዱ ደግሞ ሁሌም የሚለው አያጣም፦ «ይሄ የኢንተርኔት ነገር ነው። እኛ ልጅ ሆነን የት ነበር? የዓረብ ፋሽን እንጂ የእኛ አይደለም።» ወጣቶቹ ደግሞ «ቆንጆ እስከሆነ ድረስ ምን አገባን!» ብለው ያልፉታል። ሁለቱም መልስ አይጥመኝም። ምክንያቱም ልጆቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እየቆረጡ ሁሉንም ይሰማሉ። አንድ ዓመት ከመካከላቸው አንዷ መቀሱን አስቀምጣ «ታዲያ የእኛ የትኛው ነው?» አለች።

ጥያቄው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን የአንድ ሺህ ዓመት ታሪክ ይፈልጋል። እስቲ ከወረቀቱ እንጀምር።

ከቅርፊት እስከ አሮጌ ጨርቅ

ወረቀትን የፈለሰፉት ቻይናውያን ናቸው። የተለመደው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ105 ጻይ ሉን የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም ከዛፍ ቅርፊት፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ ወረቀት ሠርቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ ይላል። ከመሬት ተቆፍረው የወጡ ቁርጥራጮች ግን ከእሱ በፊትም ወረቀት እንደነበር ያሳያሉ። እሱ ያሻሻለው እንጂ የጀመረው አይመስልም።

ወደ ሙስሊሙ ዓለም እንዴት ተሻገረ? ሰው የሚወደው ታሪክ የጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ751 በመካከለኛው እስያ፣ በታላስ ወንዝ አጠገብ፣ የአባሲዶች ጦርና የቻይና ጦር ተዋጉ፤ ቻይናውያኑ ተሸነፉ፤ ከምርኮኞቹ መካከል የነበሩ ባለሙያዎች ሳማርቃንድ ላይ ወረቀት መሥራትን አስተማሩ ይባላል። ጥሩ ተረት ይመስላል፤ የታሪክ ባለሙያዎችም የሚጠራጠሩት ለዚሁ ነው። በሐር መንገድ የሚመላለሱ ነጋዴዎችና መነኮሳት ወረቀትን ከጦርነቱ በፊት ወደዚያ አካባቢ አድርሰውት ነበር። የተረጋገጠው ነገር በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ባግዳድ ውስጥ ወረቀት ይመረት እንደነበር ነው። ከዚያ ወረቀት ሻጩም፣ ጸሐፊውም፣ መጽሐፍ ነጋዴውም በአንድ ስም «ወራቅ» የሚባሉበት ገበያ ተፈጠረ። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ወረቀት ግብፅ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የነገሠውን ፓፒረስ እየተካው ነበር።

እዚህ ላይ ልጆች የሚወዱት አንድ ነገር አለ። ያ ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት አልነበረም፤ ካረጀ ጨርቅ ነበር። ያለቀ የበፍታ ልብስ ይቀደዳል፣ ይዘፈዘፋል፣ ተወቅጦ ገንፎ ይሆናል፣ በወንፊት መሳይ ነገር ይነሳል፣ ይደርቃል። ቀለም እንዳይጠጣ ደግሞ ስታርች ይቀባል፤ ማለትም ከእህል የሚገኝ ሙጫ። በኋላ በአውሮፓ ለዚሁ ሥራ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የተቀቀለ ሙጫ ይጠቀሙ ነበር፤ የሙስሊሙ ዓለም ወረቀት ሠሪዎች ግን የእህሉን ይመርጡ ነበር። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሙጫ ሲያልቅባችሁ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ፣ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ወፈር እስኪል ብታበስሉት፣ የጨዋታ ሙጫ ብቻ አይደለም የሠራችሁት። የድሮ ወረቀት ሠሪ ቢያየው ምን እንደሆነ ወዲያው ያውቀዋል።

ፋኖሱ የካይሮ ነው

አሁን ወደ ተከሳሹ እንሂድ። የረመዷን ፋኖስ በእርግጥ የእኛ አይደለም፤ የግብፅ ነው። ይህን መካድ አያስፈልግም።

ስለ አመጣጡ በርካታ ተረቶች አሉ። በጣም የታወቀው የፋጢማዎቹን ኸሊፋ አልሙዒዝን ይመለከታል። የጦር አዛዡ ጀውሐር እ.ኤ.አ. በ969 ግብፅን ይዞ ካይሮን ቆረቆረ፤ ኸሊፋው ራሱ በ973 በረመዷን ወር ከተማዋ ገባ። ሕዝቡ በሌሊት መብራት ይዞ ወጥቶ ተቀበለው፤ ፋኖስ ከዚያን ቀን ወዲህ የረመዷን ምልክት ሆነ ይባላል። መግባቱና ወሩ ታሪክ ነው፤ የመብራቱ ነገር ግን ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው። ያም ሆነ ይህ ልማዱ በካይሮ ሥር ሰደደ። ልጆች ከኢፍጧር በኋላ ፋኖስ አንጠልጥለው እየዘመሩ ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ፤ ጣፋጭና ሳንቲም ይሰበስባሉ። በአዲስ ዓመት «አበባዮሽ» እያሉ ሲዞሩ ያደጉ ልጆች ነገሩን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።

የድሮው የካይሮ ፋኖስ ከቆርቆሮና ከባለቀለም መስታወት ይሠራል። ዛሬም በአሮጌው ከተማ፣ በባብ ዙወይላ አቅራቢያ ባለው በታሕት አርረብዕ መንገድ ላይ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ይሰማል። ድሃ ሰፈሮች ደግሞ ከመስታወቱ የረከሰ ነገር ፈጠሩ፤ ልጆች የድሮ ደብተሮቻቸውን ቀድደው፣ ወረቀቱን ቆርጠው፣ በዱቄት ሙጫ ክር ላይ ለጥፈው ከአንዱ ሰገነት ወደ ሌላው ሰገነት ጎዳናውን አሻግረው ይሰቅላሉ። ያ ጌጥ ሰፈሩ ሁሉ የሚያዋጣበት ነው። ልጆቹ ክር የሚገዙበት ገንዘብ ቤት ለቤት ይለቅማሉ፤ ቁመተ ረጃጅሞቹ ይሰቅላሉ፤ እናቶች ከመስኮት ሆነው ጫፉን ይይዛሉ።

በኋላ ከቻይና የመጣ፣ በባትሪ የሚበራ፣ የሚዘፍን የፕላስቲክ ፋኖስ ገበያውን ወረረው። የቆርቆሮ ባለሙያዎቹ ስለከሰሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ፋኖስን ጨምሮ ባህላዊ የእጅ ሥራ ውጤቶችን ከውጭ ማስገባት ከለከለ። ነገሩን ልብ በሉልኝ፤ «ይሄ የእኛ ነው ወይስ ከውጭ የመጣ?» የሚለው ጭቅጭቅ በራሱ በፋኖሱ አገርም አለ።

ከልጆች ጋር የምንሠራው የወረቀት ፋኖስ የዚያ የቆርቆሮው ታናሽ ወንድም ነው። አንድ ሉክ ወረቀት በቁመቱ ለሁለት እጠፉ። ከታጠፈው ጎን ጀምራችሁ ወደ ክፍቱ ጎን በአንድ ጣት ስፋት ልዩነት ቁረጡ፤ ግን ከክፍቱ ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ቁሙ። ልጆች የሚስቱት እዚህ ላይ ስለሆነ የማቆሚያውን መስመር አስቀድማችሁ በእርሳስ አስምሩላቸው። ከዚያ ወረቀቱን ዘርጉት፣ የተቆረጡት ክሮች ከላይ ወደ ታች እንዲወርዱ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ጫፍና ጫፉን አጣብቁ፣ ከላይ ማንጠልጠያ ቀጥሉበት። በእጃችሁ ጫን ስትሉት ሆዱ ይነፋል። ውስጡ ሌላ ቀለም ያለው ወረቀት ጠቅልላችሁ ብትከቱበት መብራት ያለበት ይመስላል። እውነተኛ ሻማ ግን በጭራሽ አታስገቡበት።

ስለዚህ ለዚያ ትልቅ ሰው የምሰጠው መልስ ይሄ ነው፦ ልክ ነህ፣ ፋኖሱ እንግዳ ነው። ስሙ ግን ከእሱ ቀድሞ እዚህ ገብቶ ቤተኛ ሆኗል። ወረቀቱ ደግሞ ጨርሶ እንግዳ አይደለም።

ሐረር፣ ወረቀቱና ሦስቱ ጨረቃዎች

የኢትዮጵያን የመጽሐፍ ታሪክ ስናስብ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ብራና ነው። እውነትም የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ለዘመናት የፍየልና የበግ ቆዳ ፍቀው፣ ወጥረው፣ አለስልሰው ጽፈውበታል። ወረቀት ለግእዝም ባዕድ አልነበረም፤ «ክርታስ» የሚል ስም ነበረው። ግን መጽሐፉ ብራና ነበር። የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ጸሐፊዎች ደግሞ በዋናነት የጻፉት ወረቀት ላይ ነው። በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማ፣ በየሼሆቹ ቤት ቁርኣን፣ የሕግ መጻሕፍት፣ የሰዋስው መማሪያ፣ መንዙማ ተገልብጧል። በወሎ እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት የአማርኛ መንዙማ ደርሰው በዓረብኛ ፊደል ጽፈዋል። አማርኛ በዓረብኛ ፊደል፣ ወረቀት ላይ፤ ይሄም ከአገራችን የጽሑፍ ታሪክ አንዱ ክፍል ነው፣ ምንም እንኳ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ባናገኘው።

ወረቀቱ ግን እዚህ አይመረትም ነበር። በመርከብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ለሐረር ደግሞ በዘይላ ወደብ በኩል፣ ከነጋዴ ጋር በግመል ይመጣ ነበር። ከየት? ለዚህ መልሱ ወረቀቱ ውስጥ ተደብቋል።

ድሮ ወረቀት ሲሠራ የጨርቁ ገንፎ የሚነሳው በሽቦ ወንፊት ነበር። ሠሪው ከወንፊቱ ላይ በቀጭን ሽቦ የተጠማዘዘ ቅርጽ ይሰፋበታል። ሽቦው ባለበት ቦታ ወረቀቱ ሳሳ ይላል፤ ሲደርቅ ምንም አይታይም፤ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ግን ቅርጹ ብቅ ይላል። የገንዘብ ኖት ላይ የሚታየው ድብቅ ምስል የዚሁ ዘዴ ልጅ ነው። እንግዲህ በሰሜን ጣሊያን፣ በቬኒስ ዙሪያ የነበሩ ወረቀት ፋብሪካዎች ለኦቶማን ግዛት ገበያ ብለው ለየት ያለ ምልክት ያለው ወረቀት ማምረት ጀመሩ፤ በተርታ የተደረደሩ ሦስት ግማሽ ጨረቃዎች። በጣሊያንኛ «ትሬ ሉኔ» ይሉታል፤ ሦስት ጨረቃዎች። ይህ ወረቀት ኢስታንቡል፣ ካይሮ፣ ሱዳን፣ የመን ደርሷል። ሐረርም ደርሷል። የሐረር የእጅ ጽሑፎችን የሚያጠኑ ሰዎች ቅጠሉን ወደ ብርሃን ሲያነሱ ከቁርኣኑ ጽሑፍ ሥር ጨረቃዎቹን ያገኛሉ።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩበት። ወረቀቱን የሠሩት ካቶሊኮች ናቸው፤ ጨረቃውን ያስገቡት ለእምነት ብለው ሳይሆን ለሽያጭ ብለው ነው። የገዛው የሐረር ጸሐፊ ደግሞ ምናልባት ምልክቱን የሚያውቀው የወረቀቱ ጥራት ማስረጃ አድርጎ ነበር። «ከውጭ የመጣ ነው» ካልን ይሄም ከውጭ የመጣ ነው። ሆኖም ያ ወረቀት ሐረር ላይ ተጽፎበት፣ ሐረር ላይ ተሰፍቶ፣ ሐረር ላይ ቆዳ ሲለብስ የማን ሆነ? የሐረር እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም።

መጠረዙ በተለይ የከተማዋ ክብር ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ተቀምጦ ነበር። ስለ ከተማዋ ብዙ የሚያስከፋ ነገር ጽፏል፤ ስለ መጽሐፍ ጥረዛዋ ግን ከፋርስ በቀር በጥንካሬና በውበት የሚበልጣት የምሥራቅ አገር የለም እስከማለት ደርሷል። የሐረር ጥራዝ እንደ ሌላው የሙስሊሙ ዓለም ጥራዝ ክዳኑ ላይ ተጨማሪ ክንፍ አለው፤ ከኋላ ሽፋን የሚቀጥል፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ የቅጠሎቹን ዳር ሸፍኖ ከፊት ሽፋን ሥር የሚገባ። እንደ ፖስታ ክዳን አስቡት። አቧራ አያስገባም፤ የት ድረስ እንዳነበቡም ምልክት ይሆናል።

ጥበቡ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊጠፋ ደርሶ ነበር። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በሐረር በግላቸው የመሠረቱት ሙዚየም ከየቤቱ የተሰበሰቡ በርካታ የእጅ ጽሑፎችን ይዟል፤ የተጎዱትን ለመጠገንም የድሮው የጥረዛ ሙያ እንደገና እንዲነሳ ብዙ ደክመዋል። ሙዚየሙ የሚገኘው የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ነው፤ ሐረር ከሄዳችሁ አትለፉት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ሥራ ወጥቶልኛል፤ ሁለቱም ከፋኖሱ ይቀልላሉ።

የመጀመሪያው ባለ ክንፍ ደብተር ነው። አራት ወይም አምስት ነጭ ወረቀቶች ለሁለት እጠፉ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ክተቱ። ለሽፋን ጠንከር ያለ ካርቶን ወስዳችሁ ከቅጠሎቹ አራት ጣት ያህል አስረዝሙት፤ ትርፉ በስተኋላ በኩል ይሁን። መታጠፊያው ላይ በመርፌ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፤ ክሩን በመካከለኛው አስገብታችሁ በላይኛውና በታችኛው አዙራችሁ መልሱትና እሰሩ። የተረፈውን ካርቶን ጫፉን ሾጠጥ አድርጋችሁ ቁረጡና ወደ ፊት እጠፉት። ልጆች ሽፋኑን በእርሳስ ኮከብና ሐረግ ያስጌጡታል። መርፌውን ግን ትልቅ ሰው ይያዝ።

ሁለተኛው የተደበቀው ጨረቃ ነው። ሁለት ስስ ነጭ ወረቀት ውሰዱ። ከሦስተኛ ወረቀት ሦስት ትናንሽ ግማሽ ጨረቃ ቁረጡ። ጨረቃዎቹን በሁለቱ ወረቀቶች መካከል አድርጋችሁ ዳር ዳሩን በጥቂት ሙጫ አጣብቁ። ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ባዶ ወረቀት ነው። መስኮት ላይ ሲይዙት ሦስት ጨረቃ ይወጣል። የጣሊያኑ ጨረቃ ወረቀቱ የሳሳበት ስለሆነ ብሩህ ነው፤ የእኛው የወፈረበት ስለሆነ ጠቆር ይላል። ልጆች ይህን ልዩነት ራሳቸው እስኪደርሱበት ጠብቁ፤ አትንገሯቸው። የዒድ ካርድ አድርጋችሁ ለአያት ብትሰጡት፣ አያት «ባዶ ነው እኮ!» ሲሉ የሚፈነዳው ሳቅ ቤቱን ይሞላል።

«ቀሪ»

እስካሁን ያወራነው ስለ መጽሐፍና ስለ ጌጥ ነው። የኢትዮጵያ ሙስሊም ልጅ ግን ለረጅም ጊዜ ስሙን ያገኝ የነበረው ሌላ ዓይነት ወረቀት ላይ ነው።

እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ የተማረችው ከ1966 ዓ.ም. በፊት ነው። በዚያን ጊዜ የሙስሊም በዓላት በአገሪቱ የሥራና የትምህርት ቀን ነበሩ። ዒድ ቀን አያቴ ልብስ ታለብሳታለች፣ ሶላት ሄደው ይመለሳሉ፣ ቤት ሙሉ ሰው ይበላል፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ መምህሩ የስም መጥሪያው ላይ ከስሟ ፊት «ቀሪ» ብሎ ጽፎባታል። ሰው ሊቀጣትም ሊያዝንላትም ይችላል፤ በወረቀቱ ላይ ግን በዓል የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የቀረች ተማሪ ነው። አንድ ዓመት ፈተና ከዒድ ጋር ገጠመና በአዲስ ልብሷ፣ በሂና እጇ፣ ፈተና ቁጭ አለች። እናቴ ይህን ስትናገር አታማርርም። «ያኔ እንደዚያ ነበር» ትላለች። እኔ ግን የቀረው ማን እንደሆነ አስባለሁ፤ ልጅቷ ነች ወይስ በዓሉ?

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞችና ከጎናቸው የቆሙ ክርስቲያኖች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰልፍ ወጡ። ቁጥሩ 100 ሺህ ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። ጥያቄዎቹ 13 ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆነው እንዲከበሩ ነበር። ሌላው የአንዲት ቃል ጉዳይ ነው፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል። «የሚኖሩ» የሚለው ቃል የተከራይ ቃል ነው። ተከራይ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት ያስፈቅዳል።

በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ዒድ አልፈጥርን፣ ዒድ አልአድሐን (አረፋን) እና መውሊድን ሕዝባዊ በዓላት አድርጎ አወጀ። ስለ ደርግ ሌላው ሁሉ የታወቀ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ አልመዝነውም። ለአንድ ተማሪ የመጣው ለውጥ ግን የሚጨበጥ ነው፤ ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የዘመን መቁጠሪያ ወረቀት ላይ ሦስት ቀኖች የበዓል ሆኑ። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም በእነዚያ ቀኖች ቤቱ ይውላል። ስም መጥሪያው ይዘጋል። ማንም ቀሪ አይደለም።

ይህ ነገር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚያድጉ የሐበሻ ሙስሊም ልጆች ዛሬም በየትምህርት ቤቱ «ነገ ለምን ትቀሪያለሽ?» የሚል ጥያቄ የሚመልሱበት ቦታ አለ። እዚያ አገር አንድ ትንሽ ወረቀት ታሪክ ሠርታለች፤ ቴምብር። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የመጀመሪያውን የዒድ ቴምብር ያወጣው መስከረም 1 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ነው። የ34 ሳንቲም ቴምብር ነበረች፤ በሰማያዊ መደብ ላይ በወርቅማ ቀለም «ዒድ ሙባረክ» የሚል የዓረብኛ ጽሑፍ ያለባት። የጻፈው አሜሪካዊው የቁም ጽሕፈት ባለሙያ ሙሐመድ ዘከሪያ ነው። አሥር ቀን ቆይቶ መስከረም 11 ሆነ። ያን ጊዜ ያቺን ቴምብር ፖስታ ላይ መለጠፍ ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ሆነ። ቴምብሯ ግን አልተሰረዘችም፤ የፖስታ ዋጋ ሲጨምር በ2002 በ37 ሳንቲም እንደገና ታተመች። አንድ ልጅ ለአያቱ ደብዳቤ ሲልክ በዓሉ ከነስሙ በፖስታ ቤት በኩል አለፈ ማለት ነው።

ሠላሳ ቀለበት

አሁን «የእኛ የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ፋኖሱ የግብፅ ነው፤ እንግዳ ተቀባይ ነን፣ ይግባ። ባለ ክንፉ መጽሐፍ የሐረር ነው። ጨረቃ ያለበት ወረቀት የጣሊያን ሥራ ሆኖ የሐረር ሀብት ነው። በዘመን መቁጠሪያው ላይ ያለችው የበዓል ቀን ደግሞ በ1966 አስፋልት ላይ የቆሙ ሰዎች ያመጧት ናት፤ ከሁሉም በላይ የእኛ እሷ ናት። ልጆች ግድግዳ ላይ ወረቀት ሲሰቅሉ የሚያደርጉት ነገር ከዚህች ቀን ጋር ይያያዛል፤ በዓላቸው ቤት ውስጥ ተሸሽጎ የሚበላ ብቻ ሳይሆን የሚታይ ነው። አንድ ነገር የሚታየው ደግሞ የሆነ ሰው እንዲታይ ስላደረገው ነው።

ስለዚህ ሰንሰለቱን ስንሠራ ሠላሳ ቀለበት እናደርጋለን። ወረቀቱን ሁለት ጣት በሚሆን ስፋት ትቆርጣላችሁ፤ አንዱን ክብ አድርጋችሁ ታጣብቃላችሁ፤ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ውስጥ አሳልፋችሁ ታጣብቃላችሁ፤ እንዲያ እያላችሁ ሠላሳ። ሁልጊዜ ማታ ካፈጠርን በኋላ አንድ ቀለበት ይቀደዳል። የመጨረሻውን ቀለበት ግን በሌላ ቀለም ሥሩት። የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ በ29ኛው ምሽት ጨረቃ ከታየች ያ ቀለበት ሳይቀደድ ይቀራል። ልጆች ያን ምሽት በር ላይ ቆመው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ልታዩአቸው ይገባል፤ ካላንደር የማይወስነው ነገር እንዳለ በዚያች በአንዲት ቀለበት ይገባቸዋል።

የተረፈችውን ቀለበት በደብተሩ ክንፍ ሥር እናስገባታለን። ደብተሩን ደግሞ ልጆች በሠላሳው ቀን የፈለጉትን ይሞሉታል፤ ማን ቤት እንዳፈጠሩ፣ ሳምቡሳው ስንት እንደነበር፣ ግማሽ ቀን የጾሙበትን ቀን። ዒድ ሲደርስ የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ነገር እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ የድሮ ጸሐፊዎች፣ የብራናውም የወረቀቱም፣ መጽሐፍ ሲጨርሱ ያደርጉት የነበረውን። ይህን መጽሐፍ የሠራሁት እኔ እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ በዚህ ሰፈር፣ በዚህ ቀን። ቀኑን በኢትዮጵያም በሒጅራም አቆጣጠር ይጽፉታል፤ የሒጅራውን ዓመት የማያውቅ አያቱን ይጠይቃል።

ከዒድ በኋላ ፋኖሶቹ ይበላሻሉ፤ ይጣሉ፣ ችግር የለውም፤ በዓመቱ ሌላ ይሠራል። ደብተሮቹን ግን አልጥልም። የሐረር መጻሕፍት እኛ ዘንድ የደረሱት የሆነ ሰው ሣጥን ውስጥ ስላስቀመጣቸው ነው። እኔም አንድ የጫማ ካርቶን አለኝ፤ በየዓመቱ ይከብዳል።